«ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም»፦ ስለ ማድ ቤት ጭስና ስለ ቬፕ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የምትኖረው ሱሉልታ ነው። እናቷ 54 ዓመታቸው ነው። 20 ዓመት ሙሉ እንጀራ እየጋገሩ ለሱቅና ለምግብ ቤት በማስረከብ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ሳል ከያዛቸው ዓመት አልፏል። ጠዋት ጠዋት አክታ አላቸው፤ ዳገት ሲወጡ መሀል ላይ ይቆማሉ። ቤተሰቡ «ብርድ መቷት ነው» ይላል። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ 19 ዓመቱ ነው፤ ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ይስባል። ሲቆጡት «እንፋሎት እኮ ነው፤ የእማዬ ጭስ ይብሳል» ብሎ ይመልሳል። ልጅቷ የጠየቀችው እንዲህ ነው፦ «እናቴ ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ታዲያ ሳንባዋ እንዴት ይጎዳል? ከሁለቱ የማን ይብሳል? ጥናትስ ምን ይላል?»

እህቴ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። አሁን ቤታችሁ ውስጥ ቀድመው መታየት ያለባቸው እናትሽ ናቸው። ወንድምሽ በአንዱ ልክ ነው፤ የማድ ቤቱ ጭስ ከባድ ነው። በሌላው ግን ተሳስቷል፤ የሚስበው እንፋሎት አይደለም። የእናቱ መጎዳት ደግሞ የእሱን ሳንባ አያድነውም።

እኔ የሳንባ ሐኪም ነኝ። ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከሰንዳፋ የሚመጡ እናቶችን በየሳምንቱ አያለሁ። ታሪካቸው ይመሳሰላል። «ያጨሳሉ ወይ?» ሲባሉ ይደነግጣሉ። «ኧረ በስመ አብ!» ይላሉ። ካርዱ ላይ «አያጨሱም» ተብሎ ይጻፋል፤ ነገሩም እዚያው ይዘጋል። ስለ ማድ ቤቱ የሚጠይቅ የለም። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አልጠይቅም ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ቀን አንዲት ታካሚዬ ቤት ሄድኩ። ማድ ቤቷ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ክፍል ነው። መስኮት የለውም። ጥቀርሻው ከጣሪያው ላይ እንደ ጥቁር ክር ተንጠልጥሏል። ምጣዱ ጉልቻ ላይ ነው፤ ከስር ያልደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ይጨሳል። እሳቱ ሲዳፈን ጎንበስ ትልና እፍ ትላለች። እኔን ያስደነገጠኝ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። እፍ ብላ ትንፋሿ ሲያልቅ እዚያው ምድጃው አፍ ላይ ሆና አየር በረጅሙ ትስባለች። ማንም አጫሽ እንደዚያ አድርጎ አይስብም። አንድ እንጀራ 3 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በቀን 80 ብትጋግር 4 ሰዓት ነው። ይህንን በሳምንት፣ በዓመት፣ በ20 ዓመት አባዢው።

አሁን ያ ጭስ የት እንደሚገባ ልንገርሽ። የአየር ቧንቧችን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈለ፣ እየቀጠነ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። አንድ ሰው በአማካይ 480 ሚሊዮን ያህል አለው። የከረጢቱ ግድግዳ እጅግ ስስ ከመሆኑ የተነሳ በአየሩና በደሙ መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ ክፍል ያንሳል። ኦክስጅን የሚያልፈው በዚያ ነው። ስስነቱ ለሕይወት ያስፈልጋል፤ ለጉዳትም የሚያጋልጠው እሱው ነው።

ሳንባ ያለ ጠባቂ አልተተወም። ቧንቧዎቹ ውስጠኛ ግድግዳቸው ላይ ሲሊያ የሚባሉ ጸጉር መሳይ ነገሮች አሉ። በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ ይወዛወዛሉ፤ አቧራ የያዘውን ንፍጥ ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ። እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን። ጭስ ውስጥ ያለው አክሮሊን የሚባል ኬሚካል እነዚህን ያደነዝዛቸዋል። ሲቆይ ደግሞ ይረግፋሉ። ያኔ ንፍጡን የሚያወጣው ሌላ መንገድ ስለሌለ ሳል ይተካል። የእናትሽ የጠዋት ሳል ይህ ሊሆን ይችላል፤ ሌሊቱን የተጠራቀመውን በጉልበት ማውጣት።

ትልልቁ ብናኝ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። አደገኛው ደቃቁ ነው። ተመራማሪዎች ፒኤም 2.5 ይሉታል፤ ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች የሆነ ብናኝ ማለት ነው፣ የአንድ ጸጉር ውፍረት 30ኛው ገደማ። ይህ እስከ አየር ከረጢቶቹ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ15 ማይክሮግራም በላይ መኖር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ በተጎሳቆሉ ሰፈሮች ቤት ለቤት ለካ። ያገኘው ከ800 በላይ ነበር። ማገዶና ከሰል በሚያነዱት ቤቶች ለብቻ ሲታይ ደግሞ ከ1,000 አለፈ። ይህ የ24 ሰዓት አማካይ ነው እንጂ ምጣዱ በተጣደበት ሰዓት ብቻ የተለካ አይደለም። ድርጅቱ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል ብሎ የገመተው ከዚህ ዓይነቱ ልኬት ተነስቶ ነው።

ከረጢቱ ውስጥ የገባውን ብናኝ የሚለቅሙ ጠራጊ ሴሎች አሉ። ማንኛውንም ባዕድ ነገር ይውጣሉ። ጥቀርሻን ግን መፍጨት አይችሉም። ጠግበው፣ ጠቁረው እዚያው ይቀመጣሉ፤ ሌሎች ነጭ የደም ሴሎችንም ለእርዳታ ይጠራሉ። የተጠሩት ይዘውት የሚመጡት መሣሪያ ጀርምን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ነው። ጀርም ሲያጣ የራሳችንን ሥጋ ይቆርጣል።

ይህ እንዴት እንደታወቀ የሚናገረው ታሪክ ሁሌ ይመስጠኛል። እ.ኤ.አ. በ1963 ስዊድን፣ ማልሞ ውስጥ ካርል በርቲል ላውሬል የተባለ ሐኪም የ1,500 ያህል ሰዎችን የደም ናሙና ሲመረምር 5ቱ ላይ አንድ መስመር ጎደለበት። ከስተን ኤሪክሶን ጋር ሆኖ የሰዎቹን ታሪክ ሲያገላብጥ 3ቱ ገና በወጣትነታቸው ሳንባቸው የተበላሸ ሆኖ አገኙት። የጎደለው ያን ቆራጭ ኢንዛይም የሚያስቆም ፕሮቲን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ተመራማሪዎች ከፓፓያ የሚገኝ ኢንዛይም አይጦች ሳንባ ውስጥ ጨመሩ። የአየር ከረጢቶቹ ተቀደዱ፤ እርስ በርስ እየተያያዙ ትልልቅ ባዶ ጉድጓድ ሆኑ። ነገሩ የሚዛን ጉዳይ መሆኑ ያኔ ተገለጠ። በአንድ በኩል ቆራጭ አለ፣ በሌላ በኩል ከልካይ አለ። ጭስ ቆራጩን ያበዛል፤ ከልካዩንም ያዳክማል። የተቀደደ ከረጢት ተመልሶ አይሰፋም።

የማገዶ ጭስ ከሲጋራ የሚለይበት ነገርም አለ። በሲጋራ አጫሾች ላይ የከረጢቶቹ መቀደድ ይበዛል። ለዓመታት ማገዶ ባነደዱ እናቶች ላይ ግን ይበልጥ የሚታየው የቧንቧዎቹ መጥበብና ጠባሳ ነው። ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ገብቼ ሳይ የአየር ቧንቧው ግድግዳ ላይ ቀለም የተንጠባጠበበት የሚመስል ጥቁር ነቁጥ አገኛለሁ። አንዳንዴ ነቁጡ ያለበት ቦታ ላይ ቧንቧው ራሱ ተጨማድዷል። ሴትዮዋ ሲጋራ ጨብጠው የማያውቁ ናቸው። ስክሪኑ ላይ ያንን ጥቁር ነገር ሳሳያቸው አንዲት እናት «ይሄ ከምድጃው ላይ የምጠርገው እኮ ነው» አሉኝ። ልክ ነበሩ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልታወቀንም?» ትዪ ይሆናል። ሳንባ ትርፍ አለው። ስንቀመጥና ስንተኛ የምንጠቀመው ጥቂቱን ብቻ ነው። ቻርልስ ፍሌቸርና ሪቻርድ ፒቶ በለንደን 792 ወንዶችን ለ8 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተሙት ጽሑፍ ይህንን በደንብ አሳይቷል። ጤነኛ ሰው ከወጣትነቱ ማግሥት ጀምሮ በአንድ ሰከንድ የሚያስወጣው አየር በየዓመቱ ወደ 30 ሚሊ ሊትር ይቀንሳል። ጭስ በሚጎዳው ሰው ላይ ቅነሳው እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። በአንድ ዓመት ምንም አይታወቅም። ትርፉ ያለቀ ቀን ግን የለመዱት ዳገት ይከብዳል። እናንተ ያላችሁበት ሱሉልታ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከቆላው ያንሳል። የተጎዳ ሳንባ እዚያ ቶሎ ይጋለጣል።

ከዚያው ጥናት የምወደው ክፍል ሌላ ነው። ማጨስ ያቆሙት ሰዎች የጠፋው አልተመለሰላቸውም፤ ቅነሳው ግን ወደ ጤነኛው ፍጥነት ተመለሰ። ስለዚህ «አንዴ ተበላሽቷል፣ ምን ዋጋ አለው» የሚባለውን አልቀበልም። በ54 ዓመት ማቆምና በ64 ዓመት ማቆም ለየቅል ናቸው። ልዩነቱ ገበያ በእግር ሄዶ በመመለስና አልጋ ላይ በመቅረት መካከል ሊሆን ይችላል።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ቬፕ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ኒኮቲንና ማጣፈጫ ነው። ሽቦው ሲግል ፈሳሹ ይተናል፤ ወዲያው እንደ ጉም ደቃቅ ጠብታ ይሆናል። ሲግል ደግሞ ፎርማልዴሃይድና ያው ቅድም ያልኩሽ አክሮሊን ይፈጠራሉ። ከሽቦውም ኒኬልና ክሮሚየም የመሰሉ ብረቶች ይቀላቀላሉ። እንፋሎት ማለት ቡና ሲፈላ ከጀበናው አፍ የሚወጣው ውኃ ነው። ይህ ውኃ አይደለም።

ወጣቶች «ማጣፈጫው ብስኩት ውስጥ ያለው ነው፣ የተፈቀደ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ለሆድ ተፈቅዷል። ሆድና ሳንባ ግን አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ በአንድ የፈንዲሻ ፋብሪካ የሠሩ 8 ሰዎች ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎቻቸው በጠባሳ ተደፍነው ተገኙ። ለሳንባ ንቅለ ተከላ ወረፋ የተመዘገቡም ነበሩባቸው። ተጠርጣሪው ዳያሴቲል ሆነ፤ የቅቤ ጣዕም የሚሰጥ ማጣፈጫ። ሲበሉት ምንም አያደርግም። ትነቱን ሲስቡት ግን ቧንቧውን ያቃጥላል። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 51 ዓይነት የቬፕ ጣዕሞችን ሲመረምሩ ዳያሴቲልን በ39ኙ ውስጥ አገኙት።

እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ያው ነገር በሌላ መልክ መጣ። አሜሪካ ውስጥ ጤነኛ የነበሩ ወጣቶች ትንፋሽ አጥሯቸው ድንገተኛ ክፍል መግባት ጀመሩ። እስከ እ.ኤ.አ. የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰው ሆስፒታል መግባቱ ወይም መሞቱ ተመዘገበ፤ ከእነዚህ የሞቱት 68 ናቸው። ሳንባቸው ታጥቦ ሲመረመር ከ51 ሕመምተኞች በ48ቱ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ተገኘ። ቫይታሚን ኢ ቆዳ ላይ ይቀባል፣ በክኒን ይዋጣል። ሳንባ ውስጥ ግን ገደለ። አብዛኞቹ የሳቡት የካናቢስ ንጥረ ነገር ያለበትን ነበር፤ ይህንን መደበቅ አልፈልግም፣ ወንድምሽም ራሱ ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል። ግን አስቢው፤ ከመንገድ ላይ የተገዛ፣ ማን እንደሞላው የማይታወቅ ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለ እሱ በምን ያውቃል? አገራችን ውስጥ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም ሺሻንም ማስገባትና መሸጥ ከልክሏል። ስለዚህ እጁ የገባው ሁሉ ማንም ያልመረመረው ነው።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ የሂዩስተን ተመራማሪዎች አይጦችን ለ4 ወር ለቬፕ ትነት አጋለጡ። ኒኮቲን የሌለበት ትነት እንኳ ጠራጊ ሴሎቹን በስብ ሞላቸው። ከዚያ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ሲሰጣቸው ከሌሎቹ አይጦች ይበልጥ ታመሙ። አይጥ ሰው አይደለም፤ ግን የተጎዱት ሴሎች የእናትሽን ጥቀርሻ የሚለቅሙት ዓይነት መሆናቸውን ልብ በይ።

ሚዛናዊ ልሁን። ቬፕ ከሲጋራ ያነሰ መርዝ አለው። 20 ዓመት ሲጋራ ያጨሰ ሰው ሙሉ በሙሉ ወደ ቬፕ ቢዞር የሚስበው መርዝ ይቀንሳል። ወንድምሽ ግን ሲጋራ ላይ አልነበረም። ከንጹሕ አየር ነው ወደ ቬፕ የሄደው። ለእሱ ቅናሽ የለውም። ሲጋራም ቢሆን ጉዳቱ በጥናት እስኪረጋገጥ ሰው ለአሥርት ዓመታት አጭሶታል፤ ቬፕ ገበያ ላይ ከዋለ ገና 20 ዓመት አካባቢ ነው።

አሁን ምን ይደረግ? እዚህ ላይ ጥናቶቹ ያስተማሩን ነገር ከባድ ነው። ለብዙ ዓመት «የተሻሻለ ምድጃ ከተሰጠ ይበቃል» ተብሎ ታስቦ ነበር። ጓቲማላ ውስጥ ኪርክ ስሚዝ የመሩት ጥናት ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ለቤቶች ሰጠ። ሕፃናቱ የሚደርሳቸው ጭስ በግማሽ ቀነሰ፤ የሳንባ ምች ግን የታሰበውን ያህል አልቀነሰም። ማላዊ ውስጥ ከ10,000 በላይ ሕፃናት የተካተቱበት ጥናት ደግሞ ምንም ልዩነት አላሳየም። አንዱ ምክንያት ከ1,000 ወደ 500 መውረድ ገና ጭስ ውስጥ መሆን ስለሆነ ሊሆን ይችላል። በደንብ ዝቅ ማለት አለበት። በሌላ በኩል ደቡብ ቻይና ውስጥ 996 ሰዎች ለ9 ዓመት ክትትል ተደርጎላቸዋል። ማገዶውን በባዮጋዝ የተኩት፣ ማድ ቤታቸውንም አየር እንዲያወጣ ያሠሩት ሰዎች ሳንባቸው ከሌሎቹ በዝግታ ቀነሰ። ሁለቱንም ያደረጉት የበለጠ ተጠቀሙ።

ስለዚህ ቢቻል ኤሌክትሪክ ምጣድ። ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መብራት እንደሚጠፋም አውቃለሁ። መብራት ባለበት ሰዓት ግማሹን ቢጋግሩ እንኳ ግማሹ ቀረ። ቀሪውን ምርጥ ምድጃ ላይ፣ ጭስ ማውጫ ተገጥሞለት። ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶው ወደ ግማሽ ይቀንስላቸዋል፤ የማገዶን ዋጋ እያየን ነው፣ ይህ በራሱ ገንዘብ ነው። ከቆርቆሮው ግድግዳ ከላይ፣ ከጣሪያው ስር፣ በሁለት ወገን ተቃራኒ ክፍተት አስከፍቱ። እንጨቱ ይድረቅ። እርጥብ ቅጠል ከሁሉም ይብሳል። እፍ ማለቱን ደግሞ ዛሬውኑ ያቁሙ፤ በማራገቢያ ወይም በሰፌድ ያራግቡ፣ ፊታቸውን አዙረው። አፍና አፍንጫን በነጠላ መሸፈን ደቃቁን ብናኝ አያቆመውም፤ በዚያ አትተማመኑ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ሱሉልታ ብርድ ነው። ማታ ከሰል አቀጣጥሎ ክፍል ውስጥ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት አለ። ከሰል ጭሱ ስለማይታይ ሰው ይዘናጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደማችን ጋር ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። ቤተሰብ ሙሉ በአንድ ሌሊት ይጨርሳል። በፍጹም አታድርጉት።

ሕክምናውን በተመለከተ፣ እናትሽን በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል መጀመሪያ የአክታ ምርመራ ያስፈልገዋል። ጭስ ለሳንባ ነቀርሳም (ቲቢ) ያጋልጣል፤ ሁለቱ አብረው ሊኖሩም ይችላሉ። ቲቢ ከሌለ ስፓይሮሜትሪ (በመንፋት የሳንባን አቅም የሚለካ ማሽን) ወዳለበት ሆስፒታል እንዲጽፉላችሁ ጠይቂ። በኃይል ተንፍሰው በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር ከጠቅላላው ከ70 በመቶ በታች ከሆነ፣ የሚነፋ መድኃኒት ተሰጥቶም ካልተስተካከለ፣ ቧንቧዎቹ ጠበዋል ማለት ነው። ራጅ ብቻ ተነስተው «ንጹሕ ነው» ቢባሉ አትመለሱ፤ ይህ በሽታ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ሰው ፓፍ የሚለው መድኃኒት ከታዘዘላቸው እንዴት እንደሚሳብ እዚያው ደጋግመው፣ ባለሙያው እያየ ይሞክሩት። ብዙዎች ምላሳቸው ላይ ነፍተውት «አልሠራልኝም» ይላሉ። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን እየገዙ መዋጥ ይቅር። ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ተቀምጠው ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም አክታቸው ደም ካለው ቀጠሮ አትጠብቁ።

በማድ ቤት ስላሉበት ሰዓት ለሐኪሙ አንቺው ንገሪው። «አያጨሱም» ተብሎ እንዳይታለፍ። በቀን ስንት ሰዓት፣ ስንት ዓመት፣ በምን ማገዶ፤ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ።

ለወንድምሽ ደግሞ ቁጣውን ተዉት። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፤ ጠዋት ከነቃ በስንት ደቂቃ ነው የመጀመሪያውን የሚስበው? ከ30 ደቂቃ በታች ከሆነ ኒኮቲን ይዞታል፤ በፍላጎት ማነስ ብቻ አይደለም የማይተወው፣ እርዳታ ያስፈልገዋል። ከዚያ እናትሽን ስፓይሮሜትሪ ሲያስነፉ እሱም አብሮ ይሂድ። ማሽኑ ላይ እናቱ ሲነፉ ይይ። ፈቃደኛ ከሆነ እሱም ይንፋ፤ ቁጥሩን ጽፎ ያስቀምጥ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይለካ። የሁለቱን ውጤት ከላክሽልኝ አብረን እናየዋለን።